ሁለት መቶ ቆሮሶ

ጌጃ ሰፈር፣ ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ቀኑን ለማወቅ ካላንደር አይሰቅልም። ወጣ ብሎ ወንዙን ያያል። ሰኞ ጥቁር ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ሰማያዊ፤ ሐሙስ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ዓርብ ቀለሙን ለመናገር ያስቸግራል፤ ሽታው ግን ዓርብ መሆኑን አያጠራጥርም። ቅዳሜና እሑድ ከላይ ያለው ቆዳ ማቅለሚያ ስለማይሠራ ወንዙም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ያርፋል። ያን ጊዜ የሚወርደው የነዋሪው የራሱ ጉድ ብቻ ነው፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ዳይፐር፣ አንዳንዴም ጓደኛው የጠፋበት ነጠላ ጫማ።

ሠርካዲስ ይህን ሁሉ በቁጥር ታውቀዋለች። ሥራዋ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብላ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። በየሦስት ወሩ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወንዙ ድረስ ትወርድና ከማቅለሚያው ቱቦ ሥር ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ላቦራቶሪ ትልካለች። ውጤቱ ሲመጣ ክሮሚየሙ ከተፈቀደው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት በስድስት ገጽ ጽፋ ለኃላፊዋ ለአቶ ቃለሕይወት ታቀርባለች። አቶ ቃለሕይወት ከሽፋኑ አልፎ አያውቅም። ሽፋኑ ላይ "ታይቷል፤ ለመረጃ ይያዝ" ብሎ ይጽፍበታል፤ ሪፖርቱም ይያዛል። ሃያ አራት ሪፖርት በዚህ ዓይነት ተይዞ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በካይ የተባለውን ማቅለሚያ ግን አንድም ቀን የያዘው የለም።

ሪፖርቱን በጉጉት የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች። ኡሙልኸይር ትባላለች። ከስልጤ በልጅነቷ መጥታ ጌጃ ሰፈር ያረጀች፣ ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። ከቱቦው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት በምታህል መሬት ጎመንና ቆስጣ እያበቀለች ሃያ አንድ ዓመት ኖራለች። ከወንዙ በባልዲ እየቀዳች ታጠጣለች። እጇ እስከ ክርኗ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ቆስሏል፤ ሲደርቅ ይላጣል፣ ሲላጥ መልሶ ያዣል። ሠርካዲስ ጠርሙሷን ይዛ በወረደች ቁጥር ኡሙልኸይር እጇን ዘርግታ ታሳያታለች፤ ሠርካዲስም በወረደች ቁጥር "እትዬ ኡሙ፣ ይሄ ቱቦ ይዘጋል። እኔ አዘጋዋለሁ" ትላታለች። ከልቧ ነው የምትላት። ከዚያ ፎቅ ላይ ሆና በዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ቢኖር የዚያን ቱቦ አፍ በሲሚንቶ ተደፍኖ ማየት ነበር።

አንድ ጊዜ ፈራ ተባ እያለች "ውሃው እስኪጠራ ድረስ ባያጠጡበትስ?" ብላት ነበር።

"እስኪጠራ ምን ልብላ? ልጹም?" አለች ኡሙልኸይር። "የኛ ጾም እንኳ ማታ ማታ ይፈታል ልጄ።"

ጎመኑ የሚሸጠው ልደታ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ነው። ሠርካዲስ የምትኖረውም ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ከኡሙልኸይር አንድ እስር ጎመን ገዝታ አታውቅም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አይነጋገሩበትም።

የዓሣው ነገር የተጀመረው አቶ ቃለሕይወት ከአንድ የአምስት ቀን ሥልጠና በተመለሰ ማግስት ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሥልጠና ግን አይስማማውም። ከአንዱ ሲመለስ የቢሮውን ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ ቁጥር አስለጥፎበታል፤ ከሌላው ሲመለስ ሠራተኛውን በየማለዳው እጅ ለእጅ አያይዞ አስጨብጭቧል። አሁን ደግሞ ዓሣ ይዞ መጣ።

"በሠለጠነው ዓለም" አለ ስብሰባ ጠርቶ፣ "ወንዝ መዳኑ የሚታወቀው ዓሣ ሲገባበት ነው። እኛም ዓሣ እንለቃለን። የበላይ አካል በተገኘበት፣ ቴሌቪዥን በተገኘበት! ሁለት መቶ ዓሣ!"

ሠርካዲስ እጇን አወጣች። "አቶ ቃለሕይወት፣ ወንዙ እኮ አልዳነም። እዚያ ውሃ ውስጥ እንኳን ዓሣ እንቁራሪት አይኖርም።"

"ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል ዓሣው?"

"ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነዋ!"

"የክብር እንግዳው ውሃው ዳር የሚቆሙት አምስት ደቂቃ ነው" አለ አቶ ቃለሕይወት፣ ፊቱ በርቶ። "ተርፎናል።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ግዥ ክፍል ወረደ። ግዥ ክፍል ማለት ወንድምአገኝ ነው። ወንድምአገኝ በዕድሜው ዓሣ ገዝቶ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ባለፈው የገና ጾም ለሠራተኞች ክበብ ዓሣ ገዝቷል። የዚያን ጊዜው ፎርም ኮምፒዩተሩ ላይ ነበረ። ባለ ልምድ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር እያለ እንደገና አይጽፍም፤ ቀኑን ቀየረ፣ "ለክበቡ" የሚለውን "ለወንዙ" አደረገና አተመው። "ዓይነት፦ ቆሮሶ። ብዛት፦ ሁለት መቶ። ክብደት፦ እያንዳንዱ ከሩብ ኪሎ የማያንስ። የማስረከቢያ ቦታ፦ ንብረት ክፍል።" ከታች "ጠያቂ ክፍል" በሚለው ላይ ሠርካዲስ መፈረም ነበረባት። ተናዳ ነበር፤ ዓሣ የሚባል ነገር ማየት አልፈለገችም፤ ሳታነብ ፈርማ ወረወረችለት።

ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። አሸናፊው ከዚህ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ የፕሪንተር ቀለምና የመስኮት መጋረጃ ሲያቀርብ የኖረ ነጋዴ ነው፤ ዓሣ የሚያቀርብ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር፣ እሱም ጭምር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፒካፑን ደጅ አቁሞ አሥር ካርቶን አወረደ። ካርቶኑ ያንጠባጥባል።

ሠርካዲስ ወርዳ አንዱን ከፈተችው። ዓሣዎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው፣ በረዶ ተጋግሮባቸው፣ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ ተኝተዋል። አንዱን አንስታ ከወለሉ ብታጋጨው ቋ አለ።

"ይሄ ሞቷል" አለች።

"እሺ" አለ ነጋዴው።

"የምንለቀው እኮ ነው! ወንዝ ውስጥ!"

ነጋዴው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋላት። "እህቴ፣ እዚህ ላይ 'ነፍስ ያለው' የሚል አሳዪኝና አሁኑኑ ጭኜ እመለሳለሁ። ቆሮሶ ይላል፤ ቆሮሶ ነው። ሁለት መቶ ይላል፤ ቁጠሩት። ሩብ ኪሎ ይላል፤ መዝኑት። እንዲያውም አሥራ አምስቱን ለእናንተ ብዬ ሆዳቸውን አስጠርጌአለሁ።"

ወንድምአገኝ አጠገቧ ቆሞ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ፊቱ ሲለዋወጥ ቆየና በመጨረሻ ወደ ንብረት ክፍል ዞሮ "ከስፔሲፊኬሽኑ ጋር ይስማማል" አለ። የንብረት መረከቢያው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ተቆረጠ። በመንግሥት ቤት ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የተቆረጠለት ዕቃ፣ ሞተም ኖረም፣ ገብቷል።

አቶ ቃለሕይወት ዜናውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ጥሪው ተበትኗል፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ለበዓሉ ሦስት መቶ ቲሸርት ታትሟል። ቲሸርቱን "ወንዛችን ጤናችን" የሚል ጽሑፍ አሳትሞ በነፃ የለገሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቆዳ ማቅለሚያው ነው። ቀለሙም የሐሙሱ ቀለም ነው።

"ይፈሳሉ" አለ አቶ ቃለሕይወት በመጨረሻ።

"ምኖቹ?" አለች ሠርካዲስ።

"ዓሣዎቹ ናቸዋ። በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልተን እንከታቸዋለን። እንግዳው በርሜሉን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ጭብጨባ ነው፣ ሙዚቃ ነው፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ እናዞራለን። ሞተው ይሁን ተኝተው ማን ያያል? ወንዝ አይደለም እንዴ? ይወስዳቸዋል።"

"እኔ የለሁበትም" አለች ሠርካዲስ።

"ፎርሙ ላይ አለሽበት" አለ ወንድምአገኝ ቀስ ብሎ።

ዓሣዎቹ ክበቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድረው በማግስቱ በርሜል ውስጥ ሲገቡ ሠርካዲስ የተጠረጉትን አሥራ አምስት ዓሣዎች መርጣ ከበርሜሉ ሥር ሥር አደረገቻቸው። ይህን ለምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ ለራሷም አልገባትም፤ ሰው የማይፈልገው ሥራ ውስጥ አንዴ ከገባ በኋላ እንዲያምር ይጣጣራል።

ቅዳሜ ተመርጦ ነበር፤ ማቅለሚያው ዝግ ስለሆነ የወንዙ ቀለም ሰው ፊት ያቀርባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተረሳ። ማቅለሚያው ካልሠራ ወንዙ ውስጥ ወራጅ የለም። በበጋ ያ ወንዝ ወንዝ የሚመስለው ቱቦው ስለሚሞላው ነው፤ ቱቦው ሲዘጋ ወንዙ በየጉድጓዱ የተኛ ኩሬ ነው። በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር አያስተምሩም መሰለኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት የተጠሩት እንግዳ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። የማርሽ ባንድ ነፋ። ከእንጨት የተሠራች መድረክ ወንዙ ላይ ተዘርግታ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎባታል። እንግዳው ትከሻ ሰፊ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። ስለ ወንዞች ጥንታዊነት ተናገሩ፤ ስለ ትውልድ ተናገሩ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መሐረባቸውን ወደ አፍንጫቸው እየወሰዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ሕዝቡ የሐሙስ ቲሸርቱን ለብሶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ኡሙልኸይርም ከጎመኗ መሐል ቆማ ታያለች፤ ለእሷ ቲሸርት አልደረሳትም።

ከዚያ በርሜሉ ዘነበለ።

ጭብጨባው ሞቅ አለ። ዓሣዎቹ ሆጭ ብለው ወረዱና ጥቂት ሰመጡ፤ ወዲያው በረዷቸው ገና ስላልቀለጠ ተመልሰው ብቅ፣ ብቅ አሉ። ሁሉም በጀርባቸው። ሁለት መቶ ነጭ ሆድ መድረኩ ሥር ተኮለኮለ። ወንዙ አልወሰዳቸውም፤ ወዴት ይውሰዳቸው? እዚያው ባሉበት፣ ከዳይፐርና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ቀስ እያሉ ዞሩ። ባንዱ ሙዚቃውን የት ላይ እንደሚያቆም ግራ ገብቶት አንድ መለከት ብቻዋን ትንሽ ጮኸችና ዝም አለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ እንግዳው።

"እየ... እየተለማመዱ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለ አቶ ቃለሕይወት።

"ሞተዋል እኮ!"

"አዎን፣ አንዳንዶቹ..."

"አሁን እጄ ላይ! በቴሌቪዥን ፊት!" እንግዳው መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "በሦስት ቀን ውስጥ ተጣርቶ ይቅረብልኝ። ይሄ ውሃ ይመርመር! የገደላቸው ነገር ተለይቶ እርምጃ ይወሰድበት!"

ሠርካዲስ መድረኩ ጥግ ቆማ ነበር። እፍረት ሊገድላት ሲደርስ ያቺን ቃል ሰማች፤ ውሃው ይመርመር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ባለሥልጣን ከአፉ እንዲያወጣት የጠበቀቻት ቃል ናት። ነፍስ ያለው ሰው ሃያ አራት ጊዜ በወረቀት ሲመረዝ ያልሰማ ባለሥልጣን፣ የሞተ ዓሣ ሲሞትበት ሰማ። ትስቁ ይሆናል፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ እንባዋ መጣ።

ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ቃለሕይወት፣ ጸሐፊ ወንድምአገኝ፣ ባለሙያ ሠርካዲስ። ማለትም ዓሣውን ያሰበው፣ ዓሣውን የገዛውና ዓሣውን የፈረመችው ተሰብስበው ዓሣውን ማን እንደገደለው ሊያጣሩ ተቀመጡ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ይላል ያገሬ ሰው፤ እነዚህ ደግሞ ዘንዶው እንዳይወጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው።

"እንግዲህ" አለ አቶ ቃለሕይወት በሩን ዘግቶ፣ "ዓሣው ሞቶ ነው የመጣ ብለን ብንጽፍ ሦስታችንም አለቀልን። ስለዚህ የገደለው ውሃው ነው። ሠርካዲስ፣ ይኸው የምትፈልጊው ጊዜ መጣልሽ። የምትጽፊውን ጻፊ።"

"የምፈልገውን?"

"ሃያ አራቱንም ሪፖርት አያይዢው። ራሴ እፈርምበታለሁ።"

ሠርካዲስ ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ዓሣዎቹ ነፍስ ነበራቸው ብላ መጻፍ አለባት። በሙያዋ ዋሽታ አታውቅም። ግን ሃያ አራት ጊዜ እውነት ጽፋ አንድ ሰው አላነበበላትም፤ አንድ ጊዜ ዋሽታ ቱቦው ቢደፈን ማን ይጎዳል? ዓሣዎቹ እንደሆኑ ከዚህ በላይ አይሞቱም። የኡሙልኸይር እጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ጻፈች። "ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ሲገቡ በሙሉ ጤንነት ላይ የነበሩ ሲሆን፣ በውሃው ውስጥ ባለ ኬሚካላዊ መርዝ ምክንያት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተዋል።" አንዴ ከጀመረች በኋላ ብዕሩ ራሱ ሮጠ፤ ዓሣዎቹ ከመሞታቸው በፊት እንዴት እንደተንፈራገጡ ሁሉ ጻፈች። የውሳኔ ሐሳቡ ላይ ስትደርስ "የቆዳ ማቅለሚያው ቱቦ በአስቸኳይ ይዘጋ" አለች።

አቶ ቃለሕይወት ረቂቁን ከሽፋኑ አልፎ አነበበው። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጣቱን አሳረፈ።

"ይቺን ስም ባንጠራ። የባለሙያ ግኝት ላይ የድርጅት ስም አይጠራም፤ ወገንተኝነት ይመስልብሻል። 'ለቦታው ቅርብ የሆነው የብክለት ምንጭ በአስቸኳይ ይወገድ' በይው። የቱ እንደሆነ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይለየዋል።"

ሠርካዲስ አሰበች። ቱቦው ከመድረኩ አርባ እርምጃ ነው። ከዚያ የሚቀርብ ምን አለ? ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ እሷም አለችበት። ቀየረችውና ፈረመች። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ባቡሩን ትታ በእግሯ ሄደች፤ ዘፈን ቢጤም በአፍንጫዋ ታዜም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቃለ ጉባኤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠበቃት። ከሰብሳቢና ከጸሐፊ ሁለት ድምፅ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል። አንደኛ፣ የባለሙያዋ ግኝት ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ወርዶ ርቀቱን ለክቶ ለመድረኩ ቅርብ የሆነው የብክለት ምንጭ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ያለ ሕገ ወጥ የጎመን እርሻ መሆኑን፣ በአካባቢውም ባዶ የፀረ ተባይ ጠርሙስ መገኘቱን አረጋግጧል፤ ስለዚህ እርሻው ይወገድ። ሦስተኛ፣ ለወደፊቱ ለዓሣ ሀብታችን ጥበቃ ሲባል ወንዙ ዳር "ዓሣ ማጥመድ በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ሰሌዳ ይተከል። ለሰሌዳው ወጪ ማቅለሚያው ፈቃደኛ ሆኗል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው። ሠርካዲስ ወረቀቱን ይዛ የአቶ ቃለሕይወትን በር ሳታንኳኳ ገባች።

"እዚያ ወንዝ ውስጥ የማይገኝ ባዶ ጠርሙስ የታለ? ሴትዮዋ እኮ ናት የተመረዘችው!"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ቱቦውስ?"

"ቱቦው ፈቃድ አለው። ሁለት መቶ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ሴትዮዋ ምን አላት? ካርታ አላት?"

"እውነቱን እናገራለሁ! ዓሣው ሞቶ ነው የመጣ እላለሁ!"

አቶ ቃለሕይወት አልተቆጣም። ሪፖርቷን ከጠረጴዛው አነሳና ገጹን አግኝቶ ረጋ ብሎ አነበበላት። "'ከመሞታቸው በፊት በኃይል ሲንፈራገጡና ለመተንፈስ ሲታገሉ ታይተዋል።' የማነው ይሄ ፊርማ? ውሸታም ነኝ ብለሽ ከመሰከርሽ እነዚያ ሃያ አራቱም የውሸታም ሪፖርት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ቱቦውን ማን ይነካዋል?" መለሰና አስቀመጠው። "ይልቅ ደብዳቤውን አንቺ አድርሺላት። ትውውቅ አላችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ይሻላል።"

ሰው በገዛ ጥበቡ ሲታሰር እጁን የሚያስር ገመድ እንኳ አያስፈልግም። ሠርካዲስ ወንበር ስባ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ቀና ስትል ደብዳቤው ፊቷ ነበረ። አነሳችው።

ከሰዓት በኋላ ከሁለት ደንብ አስከባሪዎች ጋር ወረደች። ወንዙ የረቡዕ ሰማያዊውን ለብሷል። ኡሙልኸይር ጎመን እየለቀመች ነበር፤ እሷን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈገግ እያለች መጣች።

"ሰማሁ" አለች። "ኮሚቴ ተቀምጧል አሉ። ሊዘጋ ነው?"

ሠርካዲስ ደብዳቤውን ልታነብላት ጀመረች። "በአምስት ቀን ውስጥ" የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችና አንደኛው ደንብ አስከባሪ ተቀብሏት ጨረሰው። ኡሙልኸይር እስኪጨርስ ጠበቀች።

"ዓሣውን እኔ ነኝ የገደልኩት?" አለች።

ደንብ አስከባሪው ወደ ሠርካዲስ ዞሮ አየ።

"ቅዳሜ እናንተ ስትሄዱ ለድመቴ ብዬ አንዱን አወጣሁት። እንደ ድንጋይ ነው። ሆዱ ደግሞ ከዚህ እስከዚህ ተቀዷል፣ ታጥቧል።" በጣቷ ከደረቷ እስከ እምብርቷ አሳየች። "ወንዝ ውስጥ ሞቶ ሆዱን ራሱ የጠረገ ዓሣ አይቼ አላውቅም። ያ ካሜራ የያዘው ልጅ መጥቶ 'ምን አዩ?' ሲለኝ ምንም አላልኩትም። ሠርካዲስ ታውቃለች፣ አንድ ነገር አስባ ነው ብዬ።"

"እትዬ ኡሙ..." አለች ሠርካዲስ። "እኔ እኮ ቱቦው እንዲዘጋልዎት ብዬ... ለእርስዎ ብዬ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይሆናል ብዬ..."

"ለእኔ ብለሽ።"

"ለእርስዎ ብዬ።"

ኡሙልኸይር ጎመኗን ዞራ አየች። ሃያ አንድ ዓመት ያየችውን አሁን ስትቆጥረው ትንሽ ሆነባት መሰል፣ ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

"እናት፣ ደብዳቤ መቀበልዎን ይፈርሙ" አለ ደንብ አስከባሪው፤ ፀሐዩ ከብዶታል። "መፈረም ካልቻሉ አሻራ ይበቃል።" የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ ዘረጋላት።

ኡሙልኸይር አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ስታነሳው አንድ ድፍን ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። መስመር የሚባል የለውም።

"ደግመው ይጫኑት፤ አልወጣም" አለ ደንብ አስከባሪው።

ደገመች። ያው ነው። ጣቷን በውሃ አስጠርጎ የግራውን አስሞከራት፤ ሌባ ጣቷን አስሞከራት፤ አሥሩንም ጣት ተራ በተራ። ወረቀቱ ጥግ አሥር ድፍን ነጠብጣብ ተደረደረበት። ደንብ አስከባሪው እጇን ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና ቀስ ብሎ ለቀቀው። የጣቷ ቆዳ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ነበር። ሃያ አራት ጊዜ ከዚህ ወንዝ ውሃ የቀዳችው ሠርካዲስ ያቺን እጅ በተዘረጋች ቁጥር አይታታለች፤ የጣቶቹን ጫፍ ግን አንድ ቀን ልብ ብላ አላየችም።

"አሻራ ከሌለ ደብዳቤው አልደረሰም ይሉናል" አለ ሁለተኛው፣ ግራ ገብቶት። "ምን እናድርግ?"

ኡሙልኸይር ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ለሠርካዲስ ሰጠቻት። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"አንቺ ፈርሚልኝ" አለች። "ለእኔ ብለሽ መፈረም ታውቂበታለሽ።"

ሠርካዲስ ብዕሯን አወጣች።